አርባ ጭምብልና አንድ ደብዳቤ

ለፉሪም በዓል ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ዝናቡ አላባራ አለ። ከየአገሩ ወደ አዲሲቱ የአይሁድ አገር በመጡት መጤዎች ሰፈር የቆርቆሮ ጣሪያው ሁሉ ይደለቃል፤ ከውሃ ቧንቧው እስከ ትምህርት ቤቱ ድንኳን ያለው መንገድ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ጭቃ ሆኗል። ብራይናን ግን የጨነቃት ጭቃው አልነበረም። ጭምብሎቿ አልደርቅ ብለዋታል።

አስተማሪው ለአርባ ልጆች አርባ ጭምብል እንድትሠራ አደራ ጥሎባታል። ብራይና ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። በተወለደችበት በሮማኒያ፣ በያሽ ከተማ፣ ለቲያትር ቤት ጭምብልና ሰው ሠራሽ ጸጉር ስትሠራ ነበር የኖረችው፤ እጇ ሥራውን ያለ እሷ ያውቀዋል። ከሰፈሩ ጭቃ ፊት ታበጃለች። አፍንጫውን ታሾላለች፣ ጉንጩን ትሞላለች፣ በላዩ ላይ በዱቄት ሙጫ የራሰ የጋዜጣ ቁራጭ ደራርባ ትለጥፋለች። ሲደርቅ ከጭቃው አላቅቃ ኖራ ትቀባዋለች። ቀለም በሱቅ ስለማይገኝ ቀዩን ከቀይ ሥር፣ ጥቁሩን ከላምባ ምድጃ ጥላሸት ታወጣዋለች። ለክፉው ሐማ ጢም ከተቀደደ ፍራሽ የወጣ የፈረስ ጭራ ይበቃዋል። ለንግሥት አስቴር ዘውድ ደግሞ ብርቱካን የሚጠቀለልበት ስስ ወረቀት አላት፤ ወርቃማ ማኅተም ያለበት፣ ሲነኩት የሚንሿሿ።

ወረቀቱንም አሮጌ ጋዜጣውንም የሚያመጣላት ናጂ ነበር።

ናጂ ከባግዳድ ከእናቱና ከእህቱ ጋር ከመጣ ዓመት ሊሆነው ነው። እዚያ የባንክ ጸሐፊ ነበር፤ እዚህ በብርቱካን እርሻ ለቃሚ ሆኗል። ብራይና መጀመሪያ ያየችው በውሃ ወረፋ ላይ ነው። ሰው ሁሉ በቦቲና በተቀዳደደ ካፖርት ቆሞ ሳለ እሱ ከረባት አስሮ ነበር። የባልዲዋ እጀታ ተበጥሶ ውሃው ሲደፋባት ናጂ ከረባቱን ፈታና እጀታውን አሰረላት። ብራይና ሳቀች። ባሏ ሄርሽ ከዐሥር ዓመት በፊት በጦርነቱ ጊዜ ባቡር ላይ ተጭኖ ከሄደ ወዲህ እንዲህ ከልቧ የሳቀችበትን ቀን አታስታውስም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከእርሻው ሲመለስ ጎራ ይላል። እሱ የሚያውቀው ዐረብኛ፣ እሷ የምታውቀው ሮማኒያኛና የአውሮፓ አይሁድ ቋንቋ የሆነው ዪዲሽ። የሚገናኙት ሁለቱም ገና በሚኮላተፉበት በዕብራይስጥ ነው። «ብርድ ነው» ይላታል። «አዎ፣ ብርድ ነው» ትለዋለች። «ነገም ብርድ ነው።» «አዎ፣ ነገም።» ይህችን ተባብለው ሲለያዩ ሁለቱም ብዙ ያወሩ ያህል ሆዳቸው ሞልቶ ይሄዳሉ። በቀረው ጊዜ እሱ ጋዜጣ ይቀዳድዳል፣ እሷ ትለጥፋለች፤ ዓይናቸው ሲጋጭ እሱ ወደ ጋዜጣው፣ እሷ ወደ ሙጫው ይሸሻሉ።

እናቱ ይህን አልወደዱም። በሰፈሩ ኡም ናጂ፣ የናጂ እናት፣ ተብለው የሚጠሩት እኚህ ሴት በባግዳድ በወንዙ ዳር ትልቅ ቤት የነበራቸው ናቸው። አሁን በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል በአንዲት የላምባ ምድጃ ያበስላሉ፤ ኩራታቸው ግን ከዚያ ቤት ጋር አልቀረም። ብራይናን «የወረቀቷ ሴትዮ» ይሏታል። ዘመድ የላት፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጃቸውን በስድስት ዓመት የምትበልጥ፣ የምትበላውም የምትናገረውም የማይታወቅ፤ ደግሞም ለበዓል የልጆችን ፊት የምትሸፍን። «በእኛ አገር በፉሪም ለልጅ ጣፋጭ ይሰጠዋል እንጂ ጭራቅ አያደርጉትም» ይላሉ ለጎረቤት፣ ብራይና እየሰማች፤ እንደማይገባት ያውቃሉ። እንደ ባግዳድ ልማዳቸው ለናጂ የታሰበችው የአጎቱ ልጅ ኤስፔራንስ ናት። አጎቱ ቀደም ብሎ መጥቶ በራማት ጋን ከተማ የተደላደለ ሰው ነው፤ ለእነ ኡም ናጂም እዚያው አጠገቡ ሁለት ክፍል ቤት እንዲደርሳቸው ደጅ ጠንቶላቸዋል። የሚነሡት ከፉሪም ማግስት ነው።

በዚያ ዝናባማ ቀን ናጂ ጋዜጣውን አስቀምጦ አልሄደም። ቆመ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ቆመ። በመጨረሻም ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። በዕብራይስጥ ሊለው እንዳልቻለ፣ የምታምነው ሰው እንዲያነብላት፣ መልሷን ከሦስት ቀን በኋላ መጥቶ እንደሚሰማ እየተንተባተበ ነገራትና ባርኔጣውን ረስቶ ወጣ።

ደብዳቤው በዐረብኛ ነው። ፊደሉ እንደ ጥልፍ ያማረ ነው፤ አንዱንም አታውቀውም። ሁለት ቀን ሙሉ በሽርጧ ኪስ ይዛው ዞረች። ሙጫ ስታማስል ትነካዋለች፤ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ትነካዋለች። ማን ያንብብላት? በሰፈሩ ዐረብኛ የሚያነብ ሞልቷል፤ ነገር ግን አንዱ ያነበበው ነገር ሳይመሽ በቧንቧው ወረፋ ላይ ይወራል። የምታምናት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ቀለም ለመቀባት በየቀኑ የምትመጣው፣ ዕብራይስጡንም ከሁሉ ቀድማ የለመደችው ማርሴል። የናጂ እህት ናት፤ ዐሥራ ስምንት ዓመቷ።

ማርሴል ደብዳቤውን ተቀብላ በዓይኗ አነበበችው። ስትጀምር ፈገግ አለች፤ ወደ ታች ስትወርድ ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ፣ ናጂ ስላደረገችለት መልካም ነገር ሁሉ እንደሚያመሰግን፣ የአጎቱን ልጅ ሊያገባ እንደሆነ፣ እንዳትጠብቀውም እንደሚለምን ነገረቻት።

«ሌላ የለውም?» አለች ብራይና።

«የለውም» አለች ማርሴል።

ብራይና ደብዳቤውን ተቀብላ አጠፈችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያን ቀን የለጠፈችው ፊት አፉ ጠመመባት። አፍርሳ እንደገና ሠራችው፤ እንደገና ጠመመ።

ናጂ በቀጠሮው መጣ። አዲስ የተላጨ አገጩ ላይ ምላጭ የቆረጠው ምልክት ነበረ። በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ጠየቃት። ብራይና ባርኔጣውን አቀበለችውና አስቀድማ ያጠናችውን ተናገረች። «ተረድቻለሁ። ሂድ፣ ደህና ሁን።»

ናጂ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ጥቂት ቆየና ሄደ። ከዚያ ወዲያ ጋዜጣው በየቀኑ በር ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለች፤ ሰውየው ግን የለም። በውሃ ወረፋ ላይ ሲገናኙ እሷ ሊያገባ ያለ ሰው አየች፤ እሱ ደግሞ ያልፈለገችውን ሴት አየ። ሁለቱም ባልዲያቸውን እያዩ ቆሙ፤ የሁለቱም ልብ እኩል ደማ።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ነፋስ የብራይናን ጣሪያ አንድ ቆርቆሮ ነቅሎ ወሰደ። እሷ ለራሽን ወረፋ ሄዳ ነበር። ስትመለስ በገመድ ላይ ከተሰቀሉት ጭምብሎች ሃያ ስድስቱ ርሰው ወርደዋል፤ አስቴር ጉንጯ ተንዶ፣ የመርዶክዮስ ጢም ወለሉ ላይ ተበትኖ። ብራይና አላለቀሰችም። የራሰውን ወረቀት እየጨመቀች በባልዲ ሰበሰበች። በቤቷ የቀረው ዱቄት ሁለት ጭብጥ አይሞላም፤ አርባ ልጅ ግን ፊቱን እየጠበቀ ነው። ለአስተማሪው አልቻልኩም ለማለት ሻርፗን አነሣች፤ ግን ሳትወጣ ተመልሳ ተቀመጠች። ለባሏ ያላለቀሰችው፣ ለናጂም ያላለቀሰችው፣ ለወረቀት ብላ ልታለቅስ ነው እንዴ? እንዲህ እያለች ራሷን ገሠጸች።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት ኡም ናጂ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው በጨርቅ የተሸፈነ ድስት፣ በሌላው የማርሴልን ክንድ ይዘዋል። የልጅቷ ዓይን አብጧል።

ኡም ናጂ ሳይጋበዙ ገቡ። ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ጨርቁን ገለጡ፤ ነጭ፣ የሚያጣብቅ የሩዝ አሚዶ ነበር። ከዚያ መናገር ጀመሩ። የሚናገሩት በዐረብኛ ስለሆነ ማርሴል መተርጎም ነበረባት፤ በራሷ ላይ የሚባለውን ሁሉ በራሷ አፍ።

«እናቴ እንዲህ ትላለች» አለች ማርሴል ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ይህች ልጅ ትናንት ማታ መጥታ ያደረገችውን ነገረችኝ። ደስ የሚለኝ መስሏት ነበር። ያንን ደብዳቤ ለአንቺ ስታነብልሽ ዋሽታሻለች።»

የብራይና እጅ ወደ ሽርጧ ኪስ ሄደ።

ኡም ናጂ ቀጠሉ፤ ማርሴልም እያለቀሰች ተከተለቻቸው። ማንበብ አያውቁም፤ በእሳቸው ዘመን ሴት ልጅ አትማርም ነበር። ወንድማቸው በቦምቤይ ሲነግድ ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር፤ ባላቸው ያነብላቸዋል። ወንድማቸው ሞተ። እንዳያዝኑ ብለው አልነገሯቸውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ባላቸው ከባዶ ወረቀት ላይ እያነበበ የወንድማቸውን ሰላምታ ሲነግራቸው ኖረ። «ለሞተ ሰው ሹራብ ሠርቼ ልኬአለሁ» አሉ ኡም ናጂ። «ልጁ ጥርስ አወጣ ወይ ብዬ ጠይቄአለሁ። እውነቱን ስሰማ ካዘንኩት ይልቅ ያፈርኩት በለጠ። ከዚያ ወዲህ ማንበብ የማይችል ሰው ላይ የሚዋሽን ሰው ይቅር አልልም፤ ልጄም ብትሆን።»

ማርሴል መሬት መሬቱን እያየች የራሷን ጨመረች። ይህን የጭቃ ኑሮ መሸከም አቅቷት እንደነበር፣ ናጂ ኤስፔራንስን ካላገባ አጎታቸው ቤቱን ያስቀርባቸዋል ብላ እንደፈራች፣ በራማት ጋን የነርስነት ትምህርት ልትጀምር እንደነበረ ተናገረች። ብራይናን እያየች ቀለም መቀባት ግን በየቀኑ አፏ ውስጥ ጠጠር እንደያዘች ያህል ሆኖባት ነበር።

ኡም ናጂ በጣታቸው ጠረጴዛውን መቱ። «እኔ አልፈልግሽም» አሉ፤ ማርሴል ለመተርጎም ስታመነታ በክርናቸው ነኩዋት። «ይህን በፊትሽ እነግርሻለሁ። ግን የልጄን ቃል አልሰርቅሽም። ደብዳቤውን አምጪ። እንደተጻፈ ታነብልሻለች፤ እኔም እሰማለሁ።»

ብራይና ደብዳቤውን አወጣች። ማጠፊያው በሙጫ ተለጥፎ ነበርና ማርሴል በጥንቃቄ ለየችው። ከዚያ አንድ መስመር በዐረብኛ ለእናቷ፣ አንድ መስመር በዕብራይስጥ ለብራይና እያለች አነበበች።

«ለክብርት ብራይና። በዕብራይስጥ ሳናግርሽ የአራት ዓመት ልጅ ነኝ። በቋንቋዬ ግን ትልቅ ሰው ነኝና አንድ ጊዜ እንደ ትልቅ ሰው ላናግርሽ። በባንኩ ሥራዬ ፊርማ ማመሳከር ነበር፤ ስንት ዓመት የሰውን ፊርማ እንጂ ሰውን ሳላይ ኖርኩ። አንቺ ከጭቃ ፊት ስታወጪ ግን ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። የክፉውን ሐማ ፊት እንኳ ስትሠሪ ዓይኑ ላይ ጥቂት ሐዘን ትጨምሪበታለሽ። ያን ቀን ነው የወደድኩሽ።

«ባልሽን እርሺ አልልሽም። ስሙን በቤታችን ብትጠሪው ቅር አይለኝም። ስድስት ዓመት እንደምትበልጪኝ በጣትሽ ቆጥረሽ አሳይተሽኛል፤ እኔ ግን ያየሁት በጣቶችሽ ላይ ያለውን ሙጫ ነበር፤ ማጠብ ፈልጌ አፈርኩ። እናቴ እንደማትወድ አውቃለሁ። እናቴን አከብራታለሁ፤ ከእሷ ጀርባ ተደብቄ ግን አልኖርም። እነሱ ሲሄዱ እኔ እዚህ እቀራለሁ። ሂድ ካልሽኝ ብቻ እሄዳለሁ። መልስሽ አንድ ቃል ይሁን፤ አንድ ቃል ለመረዳት ዕብራይስጤ ይበቃኛል።»

ማርሴል አንብባ ጨረሰች። ብራይና «ሂድ» ያለችበትን ቀን አሰበች። ከሁሉ ቃል መርጣ እሱን ቃል ነበር የሰጠችው። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ለሄርሽ ይሁን ለናጂ፣ ለፈረሱት ጭምብሎች ይሁን ለዐሥር ዓመት ዝምታ፣ አልለየችውም፤ ሁሉም ባንድ ላይ ፈሰሰ። ማርሴል እግሯ ላይ ወደቀች። ብራይና አነሣቻትና በሙጫ እጇ ጸጉሯን ዳበሰችው።

ኡም ናጂ ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር። ሲመለሱ ዓይናቸው ደርቋል። እጅጌያቸውን ሰብስበው ወንበር ሳቡና አንድ ጋዜጣ አንሥተው መቅደድ ጀመሩ። አሚዶው የልጃቸውን የባንክ ሸሚዝ አንገት ለማድረቅ በባግዳድ ይሠሩት እንደነበረው ዓይነት መሆኑን፣ ከዱቄት ሙጫ ይልቅ ቶሎ እንደሚደርቅ ተናገሩ። እስኪጨልም ሦስቱም አብረው ለጠፉ። ኡም ናጂ የመጀመሪያውን አፍንጫ ሲሠሩ የአጎትየውን አፍንጫ አስመሰሉት፤ ማርሴል ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፤ እሳቸውም ከንፈራቸውን ነከሱ።

በነጋታው፣ በበዓሉ ዋዜማ፣ ዝናቡ ቆመ። ብራይና ሻርፗን አሥራ ወደ ብርቱካን እርሻው ሄደች። ናጂ መሰላል ላይ ነበር፤ ከቅጠሉ መሃል እግሩ ብቻ ይታያል። ከሥሩ ቆማ ስሙን ጠራች። ወደ ታች አያት፤ አልወረደም፤ እንዲወርድ የሚያስደፍረው ነገር አልነበረውም።

መንገድ ላይ ያሰናዳችው ብዙ ነበር። ማርሴል ደብዳቤውን አዛብታ እንዳነበበችላት ሊገባው በሚችል ቃል ልትነግረው አስባ ነበር፤ በአፏ የመጣው ግን አንድ ብቻ ሆነ።

«አትሂድ» አለችው።

የያዘው ብርቱካን ከእጁ አምልጦ ወደቀ። ናጂ ከመሰላሉ ሲወርድ ሁለት እርከን ስቶ ሊወድቅ ነበር። ከፊቷ ሲደርስ እጇን ያዘና ጣቶቿን አንድ በአንድ አያቸው። የደረቀ አሚዶ ነበረባቸው። ከመስኖው ቦይ ዘንድ ወሰዳትና ተንበርክኮ በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ አጠበላት፤ ቀስ ብሎ፣ እንደማይሰበር ነገር ሳይሆን እንደ ተሰበረና እንደ ዳነ ነገር። ለቃሚዎቹ ሥራ አቁመው ያያሉ። ብራይና አላፈረችም።

በፉሪም ቀን አርባ ልጆች አርባ ፊት አድርገው በሰፈሩ ዞሩ። ናጂ ያን ጧት ወደ አጎቱ ሄዶ በራሱ አፍ ተናግሮ ነበር። አጎትየው ተቆጣ፤ ቤቱ ግን በኡም ናጂ ስም ተመዝግቦ ስለነበር ከኩርፊያ ሌላ የሚያደርገው አልነበረም። ኤስፔራንስ ናጂን ከባግዳድ ከመጣ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ያየች ልጅ ነበረችና አላለቀሰችም፤ እናቷ አለቀሰች። ኡም ናጂ ሽምብራ የተሞላ ሳምቡሳ ጠብሰው ለጎረቤት ሁሉ በሳህን አዞሩ። ለብራይናም አንድ ሳህን ደረሳት። በማን እጅ እንደተላከ ግን አልተነገራትም።

በማግስቱ የጭነት መኪናው መጣ። ፍራሹ፣ ድስቱ፣ ላምባ ምድጃው ተጫነ። ማርሴል ብራይናን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቅም አለቻት። ኡም ናጂ ከሹፌሩ ጎን ወጥተው ተቀመጡ፤ ናጂ እጃቸውን ሲስም ግንባሩን ሳሙት። ለብራይና አንገታቸውን ነቀነቁ እንጂ አልሳሟትም። ብራይናም ከዚህ በላይ አልጠበቀችም።

ሞተሩ ሲነሣ ኡም ናጂ መስኮቱን አወረዱና በዐረብኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ናጂ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ምን አሉ?» አለች ብራይና።

ናጂ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ አልተረጉምም አለ። እናቱ ደገሙት፤ አሁን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ማርሴል ከኋላ ከዕቃው ላይ ሆና እየሳቀችም እያለቀሰችም ጮኻ ተረጎመች።

«ጉሮሮው ደካማ ነው ትላለች። በክረምት ካልሸፈነው ሳምንት ይተኛል። ሙቅ ውሃ ከተምር ማር ጋር ስጪው። ደህና ነኝ ሲልሽ እንዳታምኚው፤ ሕፃን ሳለ ጀምሮ ውሸታም ነው።»

መኪናው ጭቃውን እየረጨ ተነሣ። ናጂ ደህና መሆኑን፣ እናቱ እንደሚያጋንኑ በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጡ ሊያስረዳት ሞከረ። ብራይና አላዳመጠችውም። ዐሥር ዓመት ሙሉ ስለ ማንም ጉሮሮ ያሰበችው ነገር አልነበረም፤ በክረምት የምትሰጋለት፣ ሳል ሲሰማ የምትባንንለት ሰው አልነበራትም። አሁን ግን እኚያ ኩሩ ሴት፣ አልፈልግሽም ያሏት ሴት፣ ከመኪና መስኮት ላይ ሆነው እንዲህ ያለ ጭንቀት በአደራ ጣሉባት። ብራይና ይህን የመሰለ ስጦታ ከማንም ተቀብላ አታውቅም። እጇን ዘረጋችና የናጂን የኮት ኮሌታ ወደ ላይ መለሰችለት፤ ከልቧ ደስ አላት።